የውሃ ሞተር

ከቢሾፍቱ መጣ በአይሱዙ ተጭኖ፣
በገመድ ታስሮ፣ በሸራ ተሸፍኖ።
ሸራው ሲገለጥ ከበበው ሰፈርተኛ፤
ጎማ የሌለው ሞተር፣ ባለ ኮርቻ ዋናተኛ።

«የውሃ ሞተር ነው?» አሉ ጀሪካን የያዙት፣
ደረቅ ቧንቧ ከበው ሐሙስን የሚጠብቁት፤
«ስንት ሜትር ይስባል? ከጉድጓድ ያወጣል?»
«አይ» አልኩ፣ «ይኼኛው ውሃ ላይ ይሮጣል።»
አንዷ ሳቀች፦ «ይሩጥ፣ ምን ከፋ፣ ምን አለበት፤
ውሃ ኋላ መሮጥ እኛም አለንበት።»

ባለቤቱ ዲንቄሳ፣ ሐይቅ ዳር የሚያከራይ፣
ሙሽራና ሚዜ በደቂቃ ሂሳብ የሚያንሳፍፍ ሐይቅ ላይ፣
ቃሉ አጭር ነበር፦ «ተገለበጠ። ጠጣ።
ልጆቹ አስነሱት ውሃው ሳይወጣ።
‹ቋ!› አለ አንድ ጊዜ፤ ከዚያ ወዲህ ዝም።
ላሳድሰው? ልቀይረው? እኔ አላውቅም።»

ረዳቴ ዝናቡ ስልኩን እያሻሸ፣
«ይቀየር» አለኝ፣ «በዚህ ሞተር መሸ።
ዱባይ ያገለገለ ሙሉ ሞተር አለ፤
ወር ቢፈጅ ነው መንገዱ፣ ቀረጡ ከቀለለ።»
«ዋስትናውስ?» አልኩት። «ዋስትናማ የለም።»
ያልከፈቱት ሞተር ያልፈቱት ሕልም።

እኔ የማደስ ሰው ነኝ። አቃቂ ቶርኖ ቤት ደጅ ጠንቼ፣
ካሚቻ አስገብቼ፣ ቴስታታ አስላጭቼ፣
የላዳን ልብ ከፍቼ በፋሻ ጠግኜ፣
ሃያ ዓመት በልቻለሁ ብረትን አምኜ።
«ይጣል» የሚል ምላስ ለኔ የሰነፍ ነው፤
ብረትም ይመልሳል ጠያቂ ካለው።

ስለዚህ ፈታሁት፣ ብቻዬን፣ በማታ።
የቀለበት መንገዱ ሲኖትራክ ሲያንኳኳ፣
አምፖሉ ሲወዛወዝ።
ቴስታታው ሲነሳ ዘይትና ውሃ
ማኪያቶ መስለው ወጡ።
አንደኛው ፒስተን ደህና። ሁለተኛው ተጭሯል።
ቢየላው ጎብጧል፤ ዓይን አያየውም፣
ጣት ግን አይዋሽም።

ከዚያ ኮሎውን አወጣሁ፣ የሚቆረጠመውን ሳይሆን የሚሽከረከረውን፤
በጨርቅ ጠረግሁት፣
ከጉንጩ ላይ በቡሊኖ የተመታች ፊደል፦
ሸ።

የኔ ናት። የሸዋረጋ።
ከሁለት ክረምት በፊት፣ ዲንቄሳ ሳይገዛው፣
ሌላ ሰው አምጥቶት ያደስኩት እኔ ነኝ።
አንዷ ጉዝኔታ ከገበያ ጠፍታ
አሮጌዋን በቤንዚን አጥቤ መለስኳት፤
«ትሠሪያለሽ» አልኳት።
ለሷ ነው የነገርኳት። ለባለቤቱ አይደለም።

አሁን መዳፌ ላይ ናት፤ በሙቀት ሰማያዊ ሆናለች።
ከመገልበጡ በፊት ሲያቃስት ከርሟል ማለት ነው፤
ሚዜ እየጮኸ ማን ይሰማዋል?
ውሃው የመጣው ለለቅሶ ነው።
ሟቹን የገደለው ውሃ አይደለም።

ይቀየር ብል ያልፋል። ማንም አይከፍተውም፤
ሸ ከነብረቷ ለቁራሌው በኪሎ ትሸጣለች፣
ዝናቡም «ብያለሁ» ይላል።
እንደዚያች ሌሊት መቀየር አምሮኝ አያውቅም።

ሲነጋ ደወልኩለት። ዋጋ ጠበቀ፤
ምላሴ ቁጥሩን ትቶ ሸ ላይ ወደቀ።

ዝም አለ። ከጀርባው ሐይቁ ድንጋይ ሲልስ ይሰማኛል።
«ማደሱ ስንት ያስወጣል?»
«ላንተ ወይስ ለኔ?»
«ላንተ።»
ጉዝኔታውን፣ ቢየላውን፣ ፋሻውን፣ የቶርኖውን ደምሬ
«የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የግማሽ ዓመት» አልኩት።

ደግሞ ዝም።
ከዚያ፦ «አልቀይረውም። ያበላሸኸውን አብጀው፤
ጉዝኔታውን እኔ እገዛለሁ፣ እጅህን አንተ አምጣ።
ፊደልህን ግን አሁን ከውጭ ምታት፣
የተሳፈረ ሁሉ የሚያያት ቦታ።»

ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ዝናቡ ሳይናገር ፒንሳ አቀበለኝ።
ዛሬ ተገጥሟል። ሸ ውጭ ናት፣ ትንሽ ተጣማ፤
መዶሻዬ ተንቀጥቅጦ ነበር።

ለሙከራ ሰማያዊ በርሜል አቁሜያለሁ፤
ይህ ሞተር ውሃ ካልጠጣ ይቃጠላል፣ በማይገባው በኩል ከጠጣ ይሞታል።
ጀሪካኖቹ በር ላይ ተሰልፈዋል፣
ሴትየዋም አለች፦ «ዛሬስ ይሮጣል?»
«ውሃ ሲመጣ» አልኳት።
ገና ረቡዕ ነው።